ሳሊሀ የተሳሳተችበት አረንጓዴ ቀሚስ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ልብስ የምትሰፋው ሳሊሀ የምትፈለገው ለስፌት ብቻ አይደለም። አዲስ የቴሌቪዥን ድራማ በተጀመረ ቁጥር ሰፈሩ «ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል?» ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። ቴሌቪዥኗ ከስፌት መኪናዋ ትይዩ ተሰቅሏል፤ ሪሞቱ ከመቀሱ ጎን ይቀመጣል። እሷ ሳትፈቅድ የሚነካው የለም።

ታሪኩን እንደ ማንኛችንም ትከታተላለች፤ ሲያስለቅስም ታለቅሳለች። ፍርዷን የምትሰጠው ግን ልብሱን አይታ ነው። ድራማ ሲጀመር፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት የምትከትፈዋ ሳትቀር ሠርግ የተጠራች ትመስላለች። አንድ ልብስ መደጋገም ከጀመረ ግን ስፖንሰሩ ሸሽቷል ማለት ነው ትላለች። አምና በዚሁ መንገድ አንዱ ድራማ እንደሚቋረጥ አስቀድማ ስለነገረችን፣ ከዚያ ወዲህ ቃሏን የሚጠራጠር ጠፋ።

ዘንድሮ እሑድ እሑድ የሚታይ አዲስ ድራማ መጣ። ባለታሪኳ የሺሃረግ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በማለዳ የካ አባዶ ታክሲ ተሰልፋ ወደ ሥራ የምትገባ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ። ሳሊሀ ወደደቻት። የሺሃረግ ብቅ ስትል የስፌት መኪናዋን ታቆም ጀመር፤ ለማንም አድርጋው አታውቅም። ችግሩ፣ የሺሃረግ ለለቅሶም ለሽምግልናም የምትለብሰው ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ሳሊሀ ሳትወድ ፈረደች፤ ይቋረጣል።

ጎረቤቷ አሳየች ይህ አልተዋጠላትም። አሳየች ዳቦ ቤት አላት፤ የቤተ ክርስቲያኗን ዘማሪዎች ልብስ የምታሰፋውም እዚሁ ነው። ይቀጥላል ብላ ተከራከረች፤ በመጨረሻም ወደ ሪሞቱ ጠቆመች።

«ከተሳሳትሽ አንድ ወር እኔ ነኝ የምይዘው። መዝሙር በመዝሙር ነው የማደርግሽ።»

«ምነው በተሳሳትኩ፣ አሱ» አለች ሳሊሀ።

የመጨረሻው ክፍል ነሐሴ ላይ ደረሰ። ሱቁ ሞልቶ ውጭ በረንዳው ላይ የቆመም ነበር። የሺሃረግ ነገ የልጇ ምረቃ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አረንጓዴውን ቀሚስ ለማስረዘም ጠርዙን ፈታችው። ጨርቁ ፀሐይና ሳሙና ጨርሰውት ነጥቷል፤ ታጥፎ የኖረው ጠርዝ ግን እንደ አዲስ ደማቅ አረንጓዴ ነው።

ሳሊሀ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ለካ ቀሚሱ በየክፍሉ ሆን ተብሎ ትንሽ ትንሽ እንዲያረጅ ተደርጎ ኖሯል።

«ገንዘብ አጥተው አይደለም» አለች። «ሌላ ቀሚስ የላትም እኮ።»

ወዲያው «ምዕራፍ ሁለት ከመስከረም ጀምሮ» የሚል ጽሑፍ መጣ። አሳየች እጇን ዘረጋች። ሳሊሀ ሪሞቱን በቁራጭ ጨርቅ ወልውላ አስረከበቻት።

«እንዲህ ዓይነቱን ቀሚስ ስንቴ ጠርዙን ፈትቼ አስረዝሜዋለሁ። ወላሂ፣ የቴሌቪዥን ሰው ያየዋል ብዬ አላሰብኩም። ለዚህስ ልሸነፍ።»

ከዚያ ወዲህ ከቴሌቪዥኑ መዝሙር ሲሰማ ሳሊሀ አንድም ቀን አላጉረመረመችም። እንዲያውም ልብስ ሊያሰፋ የገባን ሁሉ እየለካች፣ እንዴት እንደተሳሳተች ትነግረዋለች፤ የራሷን ልጅ ያስመረቀች ነው የምትመስለው።

ምዕራፍ ሁለት ሲጀመር የአሳየች ወር ገና አላለቀም ነበር። ዳቦ ቤቷን ዘግታ መጣች፣ መዝሙሩን ራሷ አቋረጠችና ድራማው ወዳለበት ቻናል ቀየረች፤ ሪሞቱንም ከመቀሱ ጎን መለሰችው። የሺሃረግ በዚያው ቀሚስ ብቅ አለች። ሳሊሀ መኪናዋን አቁማ ጠርዙን በትኩረት አየችው።

«እኔ ብሆን በድርብ ክር ነበር የምሰፋላት» አለች።