የዘይነብ ሕመም በእኔ አፍ

ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኔ አዞረና በአረብኛ «ይሄ የሰሞኑ ሕመም ነው?» አለኝ።

«አይደለም፣ ሳምንታት ሆኗታል» አልኩት። ባለፈው ሳምንት «ከትናንት ጀምሮ ነው» ብዬ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ዘይነብ ካርቱም ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ገና መምጣቷ ስለሆነ አረብኛ አትችልም። ያን ቀን አሠሪዋ፣ መዳሟ፣ አጠገባችን ቆማ ነበር። ዘይነብ «ጎኔን ሲወጋኝ፣ ሲያተኩሰኝ ሳምንታት ሆነኝ» ስትለኝ፣ መዳም ከሰማች ታባርራታለች ብዬ አሳጠርኩት። ጉድ አስተርጓሚ!

ሐኪሙም ጉንፋን መስሎት ሸኛት።

ዛሬ ሳንባዋ ዙሪያ ፈሳሽ ቋጥሮ፣ መሃሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ተዘርግቶ አየሁ። በመርፌ ሲቀዳ ወፍራም፣ ድፍርስ ነው። ላቦራቶሪው የፈሳሹ ስኳር አልቋል፣ አሲዱ ጨምሯል አለ። ሐኪሙ «ጀርሞቹ ስኳሩን በልተውታል፤ መግል ሆኗል» አለኝ። «እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ ያኔውኑ በደንብ እመረምራት ነበር።»

ጎኗ ላይ መግሉን የሚያወጣ ቱቦ ከገባላት በኋላ ጠራችኝ። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ዓይኗን ማየት ፈራሁ።

«እታለም፣» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «መዳም ሰማች እንዴ?»

እናንተስ፣ ለሰው ስታስተረጉሙ ለደግ ብላችሁ የቀየራችሁት ነገር አለ? ንገሩኝ እባካችሁ፤ ዛሬ ብቻዬን አልቻልኩትም።