የአጎቴ ተራ

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሆነ። ሰው በብዙ ነገር ያነሳቸዋል፤ እኔ የማስታውሳቸው በአንዲት ድምፅ ነው።

ዙምባራ በሚባለው የቅል መለከታችን እያንዳንዱ ነፊ የሚይዘው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከቀረ ዜማው መሃል ላይ ክፍተት ይኖራል። አጎቴም ተራቸውን ጠብቀው አንዷን ድምፅ የሚነፉ ነፊ ነበሩ።

ክልላችን አዲስ በተቋቋመ ጊዜ የአሶሳ የኪነት ቡድናችን ከመተከልና ከካማሺ ለመጡ እንግዶች ሙዚቃዊ ድራማ አሳየ። ንጉሡን የሚጫወተው ወፍራም አስተማሪ ዙፋኑን ስቶ አጠገቡ የተቀመጠው የአጎቴ ቅል ላይ ቁጭ አለ። ቅሉ ተሰባበረ፤ አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔ በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ ግን ተራቸው ሲደርስ በባዶ አፋቸው "ቡ" አሉ። ተራቸው በመጣ ቁጥር፣ ፊታቸው ፈገግ ሳይል፣ "ቡ"። መጨረሻ ላይ ቋንቋችንን የማይሰሙት እንግዶች ሳይቀሩ አብረዋቸው "ቡ" ይሉ ነበር።

"አላፈሩም?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የተሰበረው ቅሉ ነው። ተራዬ አልተሰበረም" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ "ተራዬ አልተሰበረም" የምትለውን ቃል ከአፋቸው አልለዩዋትም። መኪና ጠፍቶ ከባምባሲ በእግራቸው ለቅሶ የደረሱ ቀንም ያሉት ይህንኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ነፊዎቹ ሲለማመዱ ሄጄ ነበር። በአጎቴ ቦታ ማንም አልቆመም። ተራቸው ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ዜማው ይቀጥላል። ሦስተኛው ዝምታ ላይ አላስችል አለኝና "ቡ" አልኩ።

ማንም አልሳቀም።