አማቴና የእንቁላል ሌባዋ

ወረታ በሙሽርነት ስገባ የባሌ እህቶች “ሙሽሪት እንቁላል እየሰረቀች ትበላለች” ብለው አሙኝ። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዶሮዎቹ ከሚጥሉበት ቅርጫት ፊት ዱካ ላይ ተቀምጠው አረፈዱ። ድንገት “ኑ እናንተ! ሌባዋ ይቻትላችሁ፣ አፏ አስኳል ነው!” ብለው ተጣሩ። ቀይዋ ዶሮ የራሷን እንቁላል ሰብራ ትበላ ነበር። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም።

እህቶቹ ይፋግ ተድረው ከሄዱ ወዲህ አማቴ የእንቁላል ቅርፊት አምሰው፣ ፈጭተው፣ ከሩዝ ፉርሽካ ጋር ለዶሮዎቹ ይሰጡ ጀመር። “የጎደላትን ከሰጠሻት የራሷን አትነካም። ሳታደቂው ከሰጠሻት ግን እንቁላል መብላት ታስተምሪያታለሽ” ይሉኝ ነበር።

ዛሬ ዱካው ባዶ ነው። የምፈጨው እኔ ነኝ፤ ዶሮዎቹም ደኅና ይጥላሉ። ለአርባቸው የመጡት እህቶቹ “የኛዎቹ እንቁላላቸውን እየበሉ አስቸገሩን፤ አንቺ ምን ታበያቸዋለሽ?” አሉኝ።

አማቴ ቢኖሩ ይነግሯቸው ነበር። እኔ ግን “የተገኘውን” አልኳቸው።