ሰው ከፎቶ የሚወጣበት ምዕራፍ

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። እህቴ ዲጂታል ካሜራ ከዱባይ አምጥታልኝ ነበርና ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ መጽሐፍ መደብር ገብቼ፣ ስለ ዲጂታል ፎቶ አነሳስ የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ አገላብጣለሁ። አጠገቤ የቆመ ጎልማሳ ሳልጠይቀው አስተያየቱን ሰጠኝ።

«አትልፋ ወንድሜ! እኔ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ዛሬም ከማነሳው ሰው ግማሹ ጭንቅላት የለውም።»

«ታዲያ መጽሐፉ ምን ያድርግህ?» አልኩት። «ፎቶን በኮምፒውተር ስለ ማስተካከል የተጻፈው ብቻ እንኳ ይበቃል።»

ይህን ሲሰሙ አንዲት እናት ጠጋ አሉን።

«ልጆቼ፣ ሰውን ከፎቶ ማውጣትስ ያስተምራል?»

«አዎ እማማ» አልኩና ምዕራፉን ገልጬ አሳየኋቸው።

ከቦርሳቸው አንድ የቆየ የሠርግ ፎቶ አወጡ። ቬሎ የለበሰች ሙሽራና ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል። ሙሽራዋ እሳቸው እንደሆኑ ፊታቸው ይናገራል። እኔና ሰውዬው ተያየን። መጽሐፉን ከደንኩት።

«እማማ፣ ይተዉት» አላቸው ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምንም ቢበድሉዎት ባለቤትዎ ናቸው። ነገ ስትታረቁ ይቆጭዎታል።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው አዩት።

«የምወጣው እኮ እኔ ነኝ» አሉ። «እሱን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለአርባው ነው የምፈልገው። ብቻውን የተነሳው ፎቶ የለም።»