ከእናቴ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ

«ይህ ሽቦ ከማን ጋር ነው የሚያገናኝህ?» አለኝ ግቢያችን ከገቡት ሦስት ሰዎች መካከል ኮፍያ ያደረገው።

«ከእናቴ ጋር» አልኩት።

እውነቴን ነበር። እሱ ግን የቀለድኩበት መሰለውና ጥፊ አቀመሰኝ። የታሰርኩት በዚያች መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ጊዜው ሞባይል ነጌሌ ያልደረሰበት፣ መብራትም አመሻሽ ላይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። እናቴ እግሯን ከያዛት ዓመት አልፎ ጓሮ ባለችው ክፍል ተኝታ ትውላለች። ቴፑን እኔ ክፍል ትቼ፣ አንዱን ስፒከር በረጅም ሽቦ ግቢውን አሻግሬ ራስጌዋ አስቀምጬላት ነበር። የምትሰማው ዘፈን አይደለም። ጎጃም ያለው ወንድሟ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል፣ ደብዳቤውን በካሴት እየቀዳ ይልክላታል። የእሱን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ብትሰማው አይሰለቻትም።

በዚያ እሁድ ከሰዓት የጎረቤት ፍየል ሽቦውን ስትጎትት፣ ቴፑ ኋላ ላይ የምትሰካዋ ጫፍ፣ ጃክ የምንላት፣ ከአንገቷ ተቀነጠሰች። የብየዳ ካውያ የለኝም፤ ቢኖረኝም መብራት የለም። ስለዚህ ግቢው መሀል ቁጢጥ ብዬ አንድ ትልቅ ምስማር ከሰል ላይ አጋልኩ። የሽቦውን ልባስ በጥርሴ ላጥኩት፤ ውስጡ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ለየሁ፤ የጋለውን ምስማር በፒንሳ ይዤ እርሳስ አቀለጥኩባቸውና ከጃኳ ጋር በየድኳቸው። ሁለቱ ገመዶች ከተነካኩ ድምፅ የለም። እንዳይነካኩ መሀላቸው ላይ የፌስታል ቁራጭ አቅልጬ ሸጎጥኩ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ዓይን ያስለቅስ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ የሚያየኝ ሰው እንዳለ አላወቅሁም። ከሰል፣ የጋለ ምስማር፣ ረጅም ሽቦ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ የቀድሞ ጦር ወታደር ልጅ። ሊጠረጥር ለተነሣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጨመርለታል?

ሰዎቹ ቴፑን፣ ስፒከሩን፣ ሽቦውንና እኔን ሰብስበው ሲወጡ እናቴ ከጓሮ ተጣራች።

«ልጄ፣ ማነው?»

«እንግዶች ናቸው። መጣሁ» አልኳት።

ያቺ «መጣሁ» ናት እስር ቤት ውስጥ ከጥፊው ይልቅ ያመመችኝ።

ያስገቡኝ የቀድሞ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋድ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል። በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። የድሮ በቆሎ አቧራ ጉሮሮ ይይዛል። ጥግ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈው አንድ የቦረና ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም።

«አካም? ናጋ?» አሉኝ ገና በሩ ሳይዘጋ።

«ናጋ» አልኩ፤ ሰላም ነው ማለት ነው።

«ቤት ናጋ? እናት፣ አባት ናጋ? ከብት ናጋ? ዝናብ እናንተ ጋ ጣለ? ከየት መጣህ? በየት በኩል መጣህ? መንገድ ላይ ማን አገኘህ? ወታደር ነበር? ቤትህ ወዴት ነው? ማን ይጠብቃል?»

ፀጉሬ ቆመ። አባቴ ከጦሩ ጋር ወደ ነጌሌ ሲመጣ ይዞት የመጣው ንብረት አንድ የብረት ሳጥንና አንድ ምክር ነበር። ሳጥኑን ብል የበላው ጨርቅ ሞላው፤ ምክሩን ግን ለእኔ አወረሰኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ሆድ ይፍጀው። እስር ቤት ውስጥ ገና ሳትቀመጥ ወታደር አይተህ እንደሆን የሚጠይቅህ ሰው ማን ሊሆን ይችላል? ጆሮ ጠቢ ነው፤ ያውም ሥራውን በደንብ ያልተማረ ጆሮ ጠቢ።

«ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ የጥያቄው ዝናብ ይወርዳል። እኔ አንዲት ቃል ወርውሬ ዝም እላለሁ። ከዳቧቸው ቆርሰው ሲሰጡኝ ማባበያ ነው ብዬ አልበላሁም። አቧራው ሳል ሲያስጀምረኝ ደግሞ «ሳሉ ከመቼ ጀመረ? ደረት ነው፣ ጉሮሮ ነው?» አሉኝ። ይህንንም ሊያቀብሉ ነው ብዬ ሳሌን በክንዴ አፈንኩት። ሰው ከሳሉ ምን ምስጢር እንደሚወጣበት እንጃ። ብቻ አፈንኩት።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ፊት አቀረቡኝ። ቴፑና ስፒከሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያመጡት ጎትተውት ኖሮ ጃኳ እንደገና ተገንጥላለች። መርማሪው ጎልማሳ ነው፤ አነጋገሩ የደገኛ፣ ድምፁ ዝግ ያለ።

«መገናኛ ራዲዮ ነው የሚል ጥቆማ አለ። አንተ ስፒከር ነው ትላለህ። ስፒከር ከሆነ ሠርተኸው ይናገራ!»

«ከሰልና ምስማር ያስፈልገኛል።»

«ነገ ይመጣልሃል» አለና ነጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «እስከዚያ ስለ ሽማግሌው እናውራ። ምን ምን ጠየቀህ?»

ደነገጥኩ። ሽማግሌው የእነሱ ሰው ከሆኑ እኔን ምን ያስጠይቃል?

«ግመል ሊሸጥ ነው የመጣው ይላል» ብሎ ቀጠለ። «ከየት መጣህ ብንለው ከዱብሉቅ እስከ ነጌሌ ያለውን የውሃ ጉድጓድ፣ ያገኘውን ሰው፣ ያለፈውን መኪና አንድ በአንድ ዘረዘረልን። ማንም ሳያስገድደው! ይህን ሁሉ የያዘ ሰው ሰላይ ካልሆነ ምንድን ነው? አንተንም እንደጠየቀህ እናውቃለን። የጠየቀህን ጽፈህ ፈርም። ነገ እናትህ ጋ ትገባለህ።»

ስለ እናቴ ሳልጠይቀው ራሱ ጨመረልኝ። ጎረቤታችን፣ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ሴት፣ ስንቅ ይዘው በር ድረስ መጥተው ነበር። «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ተብለው ተመልሰዋል። እናቴ እንግዲህ በሕይወት መኖሬንም አታውቅም።

ወረቀቱን ይዤ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ለመጻፍ ያልቸኮልኩት ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ወጥመድ ይሆናል ብዬ ነው። ልቤ ግን ጽፎ ጨርሶ ነበር። ደግሞስ ውሸት ጻፍ አልተባልኩ! ጠይቀውኛል፤ ስለ ወታደርም ጠይቀውኛል። እውነቱን ጽፌ እናቴ ጋ እገባለሁ። እሳቸው ምን እንደሚደርስባቸው ላለማሰብ ወለሉ ላይ ያሉትን የፀሐይ ነጠብጣቦች አያለሁ።

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ከየት እንደመጣሁ፣ ማንን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ገነፈልኩ።

«አባ፣ ይህን ሁሉ ለምንድን ነው የሚጠይቁኝ?»

ጥያቄው ገረማቸው።

«እኛ አገር ሰው ከመንገድ ሲመጣ ኦዱ፣ ወሬ፣ ይጠየቃል። ውሃ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። ያየውን በሙሉ ይናገራል፤ አይደብቅም። አንተን ካልጠየቅኩ እንደ ሰው አልቆጠርኩም ማለት ነው። የማይናገር ሰው ግን...»

«የማይናገር ሰው ምን?»

«ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ጠላት ነው» አሉ ዓይኔን እያዩ። «አንተ አልተናገርክም። ዳቦም ሰጠሁ፣ አልበላህም። ፖሊስ ያስቀመጠብኝ ሰው ነው አልኩ። ሦስት ቀን አልተኛሁም።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳሌ ጋር ተደባልቆ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ አፈርኩ። ነጌሌ ተወልጄ፣ ኦሮምኛውን በገበያ እየተናገርኩ አድጌ፣ የጎረቤቴን ሰላምታ ከምርመራ መለየት አለመቻሌ በጣም አሳፈረኝ።

ወረቀቱን አሳየኋቸውና ምን እንደተባልኩ ነገርኳቸው። «ኦዱ ጀምር» ብቻ አሉ። ጆንያው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ጀመርኩ። እናቴን፣ እግሯን፣ የአጎቴን ካሴት፣ ፍየሏን፣ ከሰሉን። ቤታችን ከጦር ካምፑ አጥር ቀጥሎ ባለው ሁለተኛው መንገድ፣ ከሱቁ ጎን፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው መሆኑን። የሸሚዜ ቁልፍ ሲይዙኝ ተበጥሳ በሽቦ ቁራጭ ማሰሬን ሳይቀር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከሰዓቱ በሙሉ አለቀ። ከታሰርኩ ወዲህ ደረቴ ቀለል ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ በጣሳ ክዳን ከሰል፣ ምስማርና እርሳስ መጣልኝ። መርማሪው ወንበሩን አስጠግቶ እጄን ያያል። ቤቴ ስበይደው ቢበላሽ ሌላ ቀን እሠራዋለሁ፤ እዚህ ግን ገመዶቹ ቢነካኩና ስፒከሩ ዝም ቢል፣ ዝምታው የእኔ ጥፋት ማስረጃ ነው። እርሳሱ ሁለት ጊዜ ተንጠባጥቦ ጠረጴዛውን አቃጠለ። በሦስተኛው ያዘ። የፌስታሏን ቁራጭ ሸጎጥኩ፤ ጃኳን ሰካሁ፤ ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ስለነበር ከፈትኩት።

መጀመሪያ ስፒከሩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የአጎቴ ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

«እንዴት ነሽ እህት ዓለም? እግርሽ እንዴት ሆነ? ልጁ ደህና ነው? ዝናቡ እንዴት ነው፣ ጣለ? እዚያ አገር እህሉ በጀ? መንገዱ ሰላም ነው? ወታደሩ በዛ ወይስ ቀነሰ? ጎረቤቶችሽስ እነማን ናቸው፣ ሰዎች ናቸው?»

ይህ በዚሁ ቀጠለ። አጎቴ ሰላምታ ሳይጨርስ የካሴቱ አንድ ገጽ የሚያልቅበት ሰው ነው። መርማሪው ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ያዳምጣል። የእሱም አገር ሰዎች እንዲህ እንደሚጠያየቁ ፊቱ ላይ አየሁት።

ያን ጊዜ እስክሪብቶ ጠየቅኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሽማግሌው የጠየቁኝ አጎቴ በካሴቱ የሚጠይቀውን ነው። ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ ጠይቀውኛል። ሦስት ቀን ባለመመለሴ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ፈረምኩበት።

አነበበው። «በቃ?»

«በቃ።»

«እንግዲያው ዛሬ ቤትህ አትገባም።»

«አውቃለሁ።»

ቴፑን ሊያጠፋ ተነሥቶ ሽቦውን ሲጨብጥ አየሁትና «በሽቦው አይጎትቱት፤ ጫፉን ይዘው ይንቀሉት» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። የሚመታኝ መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ጫፏን ያዘና ቀስ አድርጎ ነቀላት።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሽማግሌውን ጠርተው ወሰዷቸው። ይፈቷቸው፣ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሯቸው የነገረኝ የለም። እኔ ተጨማሪ ሁለት ወር ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት ያለ ምንም ማብራሪያ ቴፕህን ይዘህ ሂድ ተባልኩ።

መንገዱን ሁሉ የምፈራው የቤታችንን በር ነበር። ሁለት ወር ተኩል የልጇን ወሬ ያልሰማች፣ መነሣት የማትችል እናት። በሕይወት ብትኖር ምን ብዬ ልጀምርላት? ሰማያዊውን በር ገፍቼ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ትራሷ ላይ ደገፍ ብላለች። አላለቀሰችም። ገና ከደፉ ላይ እንዳለሁ አየችኝና፣

«ሳሉ ለቀቀህ?» አለችኝ።

አልጋዋ ሥር ማር በጠርሙስ ተቀምጧል። ሱቅ ያላቸውን ጎረቤታችንን አስገዝታ ሁለት ወር አስቀምጣልኛለች። ሽማግሌው እንደተፈቱ በእግራቸው በቀጥታ እኛ ቤት መጥተው ኖሯል። ጎረቤታችን በሩ ላይ ባስጠጉላቸው በርጩማ ከቀትር እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ተቀምጠው፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምረው አንድም ሳያስቀሩ ነግረዋታል። የት እንደምተኛ፣ ምን እንደምበላ፣ እንዴት እንደሳቅኩ።

«ምንም አልደበቁኝም» አለችኝ። «የሸሚዝህን ቁልፍ እንኳ ነግረውኛል።» እጇን ዘርግታ ደረቴ ላይ ያለችውን የሽቦ ቁራጭ ነካቻት። እኔ ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው።

ስማቸውን ለእናቴ ነግረዋታል፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። ልማድ ነው፤ አልለቀቀኝም። ሽማግሌውን ሁለተኛ አላገኘኋቸውም። እናቴም ካረፈች ቆየች። ስፒከሩ ግን አሁንም አለ፤ ጃኳ ላይ የመርማሪው ቢሮ ውስጥ የበየድኳት እርሳስ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። አስቀያሚ ብየዳ ናት፤ ግን ይዛለች።

ዛሬም ሰው ከየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ ብሎ ሲያበዛብኝ መጀመሪያ «ደህና ነው» ብዬ ፊቴን ማዞር ያምረኛል። የአባቴ ምክር ነው። ትንሽ እታገሠውና «ናጋ ነው» ብዬ ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ። ከእኔ የሰማውን ይዞ ወደ የትኛዋ እናት ቤት እንደሚሄድ አላውቅም።