የትኛው ቁልፍ?

አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ቤታችን ወላይትኛ ነበር፤ ገበያውም ወላይትኛ፣ ጸሎቱም ወላይትኛ። አማርኛ ሶዶ ውስጥ የመሥሪያ ቤትና የትልልቅ ሱቆች ቋንቋ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቁልፍ» ብለው ጻፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ተነሺ። በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሪ።»

ተነሣሁና ቃሉን ደጋግሜ አየሁት።

«ምነው? ቁልፍ አታውቂም?»

«የትኛው ቁልፍ?» አልኳቸው።

«እንዴት የትኛው?»

«ሸሚዝዎ ላይ ያለው ነው ወይስ የበሩ? የበሩ ከሆነ ደግሞ የሚገባው ነው ወይስ የሚገባበት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው ሸሚዛቸውን አዩ፣ ቀጥሎ በሩን አዩ። «ስለምትፈልጊው ተናገሪ» አሉኝ። ምን እንደ ፈቀዱ አላወቁም። የበሩን መረጥኩና ደወል እስኪደወል ድረስ ተናገርኩ። የማላውቀው የአማርኛ ቃል ሲያጋጥመኝ በወላይትኛ ሞላሁት። መምህሩ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «ቁልፌ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ለማብሸቅ ነበር ያሉት፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። እናቴ ካወጣችልኝ ስም ይልቅ ይሄኛው እኔን እኔን ይል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ሱቅ ነው። አባቴ ጨው፣ ላምባ፣ ክርና መርፌ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። የሱቁ በር ላይ ከመዳፌ የምትበልጥ የነሐስ ጓጉንቸር ተንጠልጥላለች። ማታ ማታ ሲዘጋ ጎባጣዋን ብረት ይዤ ወደ ታች እጫናለሁ፤ «ቀጭ» ትላለች። ያቺን ድምፅ ከሰማሁ ቀኑ አልቋል ማለት ነው፤ ራቴን በልቼ እተኛለሁ። ካልሰማሁ ግን ቀኑ አላለቀም፤ ያላለቀ ቀን ላይ ደግሞ እንዴት ይተኛል?

አንድ ቀን አሞኝ ቤት ዋልኩና አባቴ ብቻውን ዘግቶ መጣ። ጎደሬ በዳጣ ቀረበ፤ አልበላም አልኩ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ትኩሳቱ ለቆኛል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቀጭ አላለም።»

የሌላ ሰው አባት ቢሆን ኖሮ አለንጋ ያነሣ ነበር። አባቴ ጥቂት አየኝና ኮቱን መልሶ ለበሰ። በካፊያው ውስጥ እጄን ይዞ ወደ ሱቁ ወሰደኝ፤ ከፈተው፤ እኔ ዘጋሁት። ጎረቤቱ ባለ ሱቅ ብቅ ብሎ «ምን ረስታችሁ ነው?» ሲለው፣ «ልጄ የረሳችው ነገር ነበር» ብሎ መለሰለት። ስንመለስ ስለ ዝናቡ እንጂ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አላወራንም።

እናቴ ግን ትጨነቅ ነበር። የሰው ዓይን አላይም። ስጠራ ቶሎ አልሰማም። እኩዮቼ ተሰብስበው ሲጫወቱ እኔ የየሰፈሩን በር እየዞርኩ የማን ቤት በምን እንደሚቆለፍ እመለከታለሁ። ገበያ ደግሞ አልችልም ነበር፤ የሰዉ ጩኸት፣ የአህያው፣ የዶሮው፣ አንድ ላይ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን እይዛለሁ። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ስለነበረች ትታኝ መሄድ ያስቸግራታል። መላውን ያገኘችው እሷው ናት። አንድ የገበያ ቀን ከአባቴ ሱቅ የተበላሸች ጓጉንቸር አምጥታ በእጄ አስያዘችኝ። ቀዝቃዛ ናት፣ ከባድ ናት፣ በአውራ ጣቴ ስዳስሳት የቁልፏ ቀዳዳ የት እንዳለ አውቃለሁ። ጩኸቱ አልጠፋም፤ ግን ራቅ አለልኝ። ከቅቤው ቅል አጠገብ ተቀምጬ ገበያው እስኪበተን ዋልኩ።

ቅቤ የምትገዛ ሴትዮ «ልጅሽ ምን ይዛ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሥራዋን ነው የያዘችው» አለች እናቴ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ጸለዩልኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ረጅም ጸሎት። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ከፊቴ የመባው ሣጥን ነበረ፣ ሣጥኑ ላይ ደግሞ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ መቆለፊያ። «አሜን» ሲባል ፊቴ በርቶ ስላዩ ጸሎቱ ተሰማ ብለው አመሰገኑ። እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ይህ ሁሉ ስም አለው። ልጄ የልጅ ልጄን አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወስዳው ስትመለስ «ኦቲዝም ነው አሉኝ» ብላ እያለቀሰች የነገሯትን ተረከችልኝ። አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም፣ ዓይን አያይም፣ ጩኸት አይችልም። ስትጨርስ «ታዲያ ስለ እኔ ማን ነገራቸው?» አልኳት። እንባዋን አቁማ አየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

በዚያ ዘመን ግን ስም አልነበረውም። «እሷ እንዲህ ናት» ይባላል፤ አለቀ። እንዲህ መሆኔን ምንም ሳይሉኝ ከተቀበሉኝ ሰዎች አንዱ ገበያው ዳር ሱቅ የነበረው ሽማግሌ ዐረብ ነው። ከየመን በወጣትነቱ መጥቶ ሶዶ የከተመ ሰው ነበር፤ ዐረብኛ፣ አማርኛና ወላይትኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይደባልቃል። ጓጉንቸር የሚሸጠው እሱ ነው። የዛገ ወይም ቁልፉ የጠፋበት ሲያገኝ ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጥልኛል። «ይሄ ታሟል፣ ውሰጂ» ይለኛል። እወስደዋለሁ፣ በሞረድና በምስማር እፈታዋለሁ፤ ሞላውን፣ ምላሶቹን፣ ጥርሶቹን አውጥቼ ሰሌን ላይ እደረድራለሁ። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም። አልዳነም ብዬ ስነግረው «እኛም እንደዚያው ነን» ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ለምን እንደምወደው ጠይቆኝ አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለአቅመ ሔዋን ደረስኩ። ከአረካ ሽማግሌዎች መጡ፤ የላካቸው አረካ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ነው። ሶዶ ለስብሰባ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሳለ አይቶኛል ተባለ። እኔ አላየሁትም፤ በዚያ ሰዓት ምን እያየሁ እንደነበር ግን መገመት አያቅተኝም።

አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ መከረችኝ። «መሬት መሬት እያየሽ ትገቢያለሽ።»

«እሺ።»

«እጅ ታስታጥቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። ቢጠይቁሽ አዎ ወይም አይደለም ነው።»

«እሺ።»

«የጓጉንቸር ወሬ ደግሞ አደራሽን፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

«እሺ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ገባሁ። መሬት መሬት እያየሁ። ችግሩ የመጣው ከዚያው ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ሽበታም ረጅም ሰው፣ እግራቸው አጠገብ የቆዳ ቦርሳ አስቀምጠዋል፤ ቦርሳው ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ጓጉንቸር ተንጠልጥላለች። እንደዚያ ያለች ትንሽ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ውኃውን እጃቸው ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ እጃቸውን ታጥበው ጨረሱ፤ እኔ አልጨረስኩም። ውኃው ጉልበታቸው ላይ ወረደ፣ ከጉልበታቸው ወደ ጫማቸው።

«ልጄ፣ በቃኝ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አባባ፣ ይቺን ከየት አገኟት?»

በሩ ጋ አክስቴ «እህ» ብላ ሳለች። ሰውዬው ቦርሳቸውን አዩና ምን እንደምል ገባቸው። «አዲስ አበባ ነው የገዛኋት። ቦርሳው መጽሐፍ ቅዱሴን የምይዝበት ነው።»

«ሞላዋ የት ይገባል? እንደዚህ ያነሰች ሞላ ካላት ቶሎ ትደክማለች። በዝናብ ጊዜ አትተናነቅዎትም?»

«ትተናነቀኛለች» አሉ። «እንዴት አወቅሽ?»

አክስቴ ደግማ ሳለች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የምሰማ ሰው አልነበርኩም። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጬ ከእግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የነሐሱንም፣ የብረቱንም፣ የዐረቡንም ሱቅ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እጃቸውን ሳይታጠቡ ጠበቁ። ክትፎው ቀዘቀዘ። አባቴ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ አክስቴ ገብታ በክንዴ አነሣችኝ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ቤቱ የኀዘን ቤት መሰለ። «ይሄ ነገር አበቃለት» አለች አክስቴ። እናቴ የተረፈውን ክትፎ አነሣች። እኔ ግን የማስበው ስለዚያች ሞላ ነበር፤ አሁንም ስለሷ ማሰብ አላቆምኩም ብል ማጋነን አይሆንም።

ሽማግሌው አረካ ሲመለሱ ለመምህሩ ያሉትን በኋላ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። «ልጅቱ ጨዋ ናት» አሉት። «ዓይንህን አታይም። ዝም ስትል ዝም ነው፣ ስትናገር ደግሞ እግርህ ውኃ ውስጥ ሆኖ ትሰማለህ። ቤቷ ውሸት አይገባም። ከፈለግህ ራስህ ሂድና አነጋግራት።»

በሳምንቱ መጣ። ቀጭን፣ ፀጉሩን በጎን የከፈለ ሰው። አባቴና እናቴ ባሉበት ከኪሱ አዲስ ጓጉንቸር ከነቁልፏ አወጣና ሰጠኝ። ሌላ ሴት ሻሽ ወይም ሽቶ ይሰጣታል። ተቀበልኩ፤ አላመሰገንኩም፤ ምስማሬን አምጥቼ ፊቱ መፍታት ጀመርኩ። እናቴ በእጇ አፏን ያዘች።

«አዲስ እኮ ናት» አለኝ ሳቁን ይዞ።

«ለዚህ ነው የምፈታት። አሮጌዎቹን ብቻ ነው የማውቀው።»

«መልሰሽ ትገጥሚያታለሽ?»

«ዛሬ አይደለም።»

«እንግዲያው ስትገጥሚያት መጥቼ አያለሁ» አለ። መጥቶም አየ። ተጋባን።

አረካ ስንገባ መጀመሪያ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ሐሳቡ የእሱ ነው። «እኔ መስማት እወዳለሁ» አለኝ፤ «ግን ሰው ነኝ፣ ይደክመኛል። አንቺ ደግሞ ፊቴን አይተሽ ደከመኝ ማለቴን አታውቂም።»

«አላውቅም።»

«ስለዚህ ሲደክመኝ ‹ሻይ ላፍላ› እላለሁ። ያኔ ታቆሚያለሽ። ሳትቀየሚ።»

ያን ዘመን ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ሻይ አያፈላም። የእኔ ባል ግን አንዳንድ ቀን ሦስቴም አራቴም ያፈላል። ጎረቤቶቻችን ምስኪኑ መምህር በሚስቱ ተገዝቶ ምድጃ ያነዳል ብለው አሙት። እሱ ሲሰማ «ሻዩ ጥሩ ወጥቶልኛል» ይል ነበር። እውነት ነው፤ በኋላ በኋላ የእሱን ሻይ የሚያህል አረካ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ ጓጉንቸሩ ሄዷል። ዕቃው አይደለም፤ ዕቃው መደርደሪያ ሙሉ ነበር። የሄደው ፍቅሩ ነው። አንዷን አንሥቼ ያዝኩ፤ ብረት ናት። ቀዝቃዛ ብረት፣ ሌላ ምንም። ይህን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። አብሮህ ያደገ ሰው ሳይሰናበትህ አገር ለቆ እንደ መሄድ ነው፤ ለቅሶ የሚደርስህ ግን የለም። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና ባሌ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ አልተነሣሁም።

«ምነው?»

«ጓጉንቸር አልቋል።»

አጠገቤ ተቀመጠ። ከእኔ ይልቅ እሱ አዘነ መሰለኝ፤ በየሄደበት ከተማ እየፈለገ የሚያመጣልኝ እሱ ነበራ። «አሁን ምን ይመጣል?» አለኝ።

«አላውቅም። ላይመጣም ይችላል።»

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ምግብ እሠራለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ፣ ስጠየቅ እመልሳለሁ። ሴቶቹ «አሁን ገና ሰው ሆነች» አሉ። ባሌ ግን ሻይ ላፍላ የሚልበት ምክንያት አጥቶ ማታ ማታ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን «እባክሽ አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ስለ ምንም ይሁን» አለኝ። የምነግረው አልነበረኝም።

መስከረም ላይ ዕቃ ልንገዛ ሻንቶ ገበያ ሄድን። ገበያው ጫፍ ላይ አንድ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሠራል። መወርወሪያዋ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደች፣ ተመለሰች። ቆምኩ። ድሩ ለሁለት ተከፈለ፣ ማጉ በመሀል አለፈ፣ ድሩ ቦታ ተለዋወጠ። ድሩ እንደገና እስኪከፈል ጠበቅኩ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ገበያው ይጮሃል፤ አልሰማሁትም።

ሸማኔው ቀና ሳይል «ይህቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው?» ሲል ባሌን ጠየቀው።

«እኔም እሱን ነው የምጠብቀው» አለ ባሌ። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ መጣና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ስለ ድርና ማግ ነገርኩት። አረካ ልንደርስ ስንል «ቤት ስንገባ ሻይ አፈላለሁ» አለ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሽመና የወንድ ሥራ ነው። ሴት ትፈትላለች እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አትገባም። ባሌ ግን በሳምንቱ አካፋ ተውሶ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ የሸማኔ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ሸሚዙን አውልቆ ሲቆፍር ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አየችው።

«መምህር፣ ለማን ነው?» አለችው ደንግጣ።

«ለሚስቴ ነው» አላት ሳያስብ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። ማጀት ውስጥ ጥጥ ስፈለቅቅ አገኘችኝና በሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ውኃ አጠጣኋት። ሲመለስላት ስለ ድር ነገርኳት።