ለፊልም ሰላምታ የመለሱት እናት

ዛሬ ደባርቅ ወጣት ማዕከል ፊልም እያየን ሳለ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ለስክሪኑ ሰላምታ መለሱ።

ፊልሙ ሰው አገር ብቻዋን ስለምትኖር የእኛው አገር ሴት ነው። ከሥራ ትገባለች፣ ድንች ትልጣለች፣ በመስኮት ታያለች። በቃ።

አጠገቤ የነበረው የአይሱዙ ሾፌር "እሷ ድንቹን ልጣ እስክትጨርስ እኔ ሊማሊሞን ወርጄ እመለሳለሁ" አለ። ከኋላችን አንድ መምህር "ታሪኩ እኮ ዝምታው ነው!" ብሎ ተቆጣው። (እሱም ሲያንቀላፋ አይቼዋለሁ።)

ከዚያ ሴትዮዋ ባዶ ቤቷን ከፍታ ገባችና "እንደምን ዋላችሁ?" አለች። የሚመልስላት የለም።

እማማ ከፊት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ስንወጣ ሾፌሩ "እማማ፣ ፊልም እኮ ነው" አላቸው።

"አውቃለሁ እንጂ። ሰላምታ ግን ሜዳ ላይ አይቀርም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ቤሩት ያለችው ልጄም ስትደውል 'እንዴት ናችሁ' ትልና ዝም ትላለች። እኔ ኔትወርክ ነው እያልኩ እዘጋው ነበር።"



እናንተስ ጋ ከሰው አገር ደውሎ ዝም የሚል አለ? ሳትዘጉት ምን ትሉታላችሁ?